ስም ይዞ የጠፋው ኢንጂነር

አንድ ቀን ጠዋት፣ ደሴ ውስጥ፣ የይመር አበጋዝ ድረ ገጽ አልከፈት አለ። ይመር ጦሳ ተራራ ሥር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለው። ወፍ ሊያዩ የሚመጡ ፈረንጆችም፣ ለዘመድ ሰርግ ከአረብ አገር የሚመለሱ ልጆችም፣ ሁሉም «የይመር ቤት» ብለው ኢንተርኔት ላይ ሲጽፉ ነው የሚያገኙት። አሁን ግን ያንን ስም የጻፈ ሁሉ የሚያየው ነጭ ገጽ ሆነ። ስልኩ ዝም አለ፤ አልጋዎቹም እንደተነጠፉ ዋሉ፣ እንደተነጠፉ አደሩ።

ድረ ገጹን የሠራለትም፣ በኮምፒውተሩ ላይ የሚያስቀምጥለትም አዲስ አበባ ያለ «ሰማየ ሰማያት ሆስቲንግ» የሚባል ድርጅት ነው። ባለቤቱ ኢንጂነር ዮናታን ይባላል፤ ቀይ ክራባት የማይለየው፣ አፈ ቅቤ ሰው ነው። ይመር ደወለ፤ ዝግ ነው። ኢሜል ላከ፤ ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ አውቶቡስ ተሳፍሮ ቢሄድ ቢሮው የጥፍር ቀለም የሚቀቡበት ቤት ሆኖ ጠበቀው።

«ኢንጂነሩስ የት ሄደ?» አላት እዚያ ያገኛትን ሴት።

«እኛም እየፈለግነው ነው። የበሩን ቁልፍ ይዞብን ነው የሄደው» አለችው።

ባዶ እጁን ሲመለስ ሚስቱ ዘሐራ በር ላይ ተቀበለችው።

«ሰማየ ሰማያት የገባ ነገር በዱዓ እንጂ በስልክ አይገኝም አላልኩህም?»

ቢጨንቀው፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ጎረቤቱን ይዞ የድረ ገጽ ስም ለሚመዘግበው የውጭ አገር ድርጅት ጻፈ። መልሱ አጭር ነበር፤ ስሙ የተመዘገበው በኢንጂነር ዮናታን ነው፣ እሱ ካልለቀቀው ለማንም አንሰጥም የሚል።

«የይመር ቤት እንዴት ብሎ የዮናታን ይሆናል?» አለ ይመር። «ለኔ እኮ ስም ያወጣልኝ አባቴ ነው።»

«ኢንተርኔት ላይ አባት የለም፣ ጋሽ ይመር» አለው ጎረቤቱ። «ቀድሞ ያስመዘገበ ነው አባት።»

ይመር ሰውዬውን የግድ ማግኘት እንዳለበት ገባው። አውቆ የተደበቀ ሰው ደግሞ በልመና አይወጣም። ስለዚህ የኢንጂነሩን ፎቶ ፈልጎ ፌስቡክ ላይ እንዲህ ሲል ለጠፈ፦

«አፋልጉኝ። ኢንጂነር ዮናታን የሚባለው ይህ ሌባ ከቢሮው ሲወጣ ቀይ ክራባት አድርጎ፣ የሰው ስም ይዞ ነበር። ያገኛችሁት እሱን ተዉትና ስሜን ላኩልኝ።»

ነገሩ አገር አዳረሰ። ከሥሩ «የኔንም ይዟል» የሚል በዛ፤ አንዱ ጥርስ ሐኪም፣ አንዷ የሙሽራ ልብስ አከራይ፣ ሌላው ከብት አድላቢ። ብዙም ሳይቆይ ኢንጂነሩ ብቅ አለ። ብቅ ያለው ግን ስሙን ሊመልስ አልነበረም፤ ይመርን በስም ማጥፋት ከሶት ነው።

«እንግዲህ ቢፈረድብህ» አለች ዘሐራ፣ «ከእንግዳ ማረፊያ ወደ ማረሚያ ነው።»

በቀጠሮው ቀን ኢንጂነሩ ጠበቃ አስከትሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ችሎት ገባ። ይመር ጠበቃ የለውም። ዘሐራ ከኋላ ተቀምጣ የሙስበሃዋን ዶቃ ስትቆጥር ድምፁ ይሰማዋል።

«ክብርት ዳኛ» አለ ኢንጂነሩ፣ «ስም ማለት ለኔ እንጀራ ማለት ነው። ዛሬ ስሜ የለም። ሰው እኔን ብሎ ሲፈልግ የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። ደንበኛ ቀረ፣ ስልኬ ዝም አለ። ስሜ ይመለስልኝ።»

ይመር ይህን ሲሰማ ቀና አለ። ከቤቱ ሲነሳ ሊናገር ያሰበውን ሁሉ ሰውዬው አንድ ሳያስቀር ተናግሮለታል።

ዳኛዋ ወደሱ ዞሩ።

«አቶ ይመር፣ የከሳሽን ስም አጥፍተዋል?»

«አጥፍቻለሁ።»

ዘሐራ መቁጠሯን አቆመች። የኢንጂነሩ ጠበቃ ፈገግ ብሎ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ክብርት ዳኛ፣ መጀመሪያ የኔን ስም ያጠፋው እሱ ነው» አለ ይመር። «ግን አጠፋፍ አያውቅበትም። እሱ የኔን ስም ሲያጠፋ፣ ራሱም አብሮ ጠፋ። እኔ የሱን ስም ባጠፋ፣ ይኸው ሰውዬው ተገኘ።»

ዳኛዋ መዝገቡን አንስተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሲያወርዱት ኢንጂነሩን «ለመሆኑ የአቶ ይመር ስም አሁን በእጅዎ ነው?» ብለው ጠየቁት፤ እሱም ክራባቱን እያላላ ስልኩን አወጣና እዚያው ቆሞ ስሙን ለባለቤቱ ለይመር አዛወረ።