ግልገሏ ደረሰች ወይ?

ተረት ተረት ብያለሁ፤ የመሠረት በሉኝና ጆሯችሁን ስጡኝ።

እናላችሁ፣ አንዲት ኤሊ ነበረች። ከእናቷ ጠፍታ የቤቷን መንገድ ስለምትፈልግ አንዲት የሚዳቋ ግልገል ረጅም ተረት ታውቃለች። በየቀኑ ከዋርካው ሥር ቆንጠር እያደረገች ስታወራ አውሬው ሁሉ ተሰብስቦ ይሰማል። አንድ ቀን ችኩሏ ጦጣ ከቅርንጫፍ ላይ ሆና፣ «እትዬ ኤሊ፣ ይቺ ግልገል አረማመድ የተማረችው ካንቺ ነው እንዴ? ክረምቱ ወጥቶ በጋው ገባ፣ እሷ ገና ያንኑ ወንዝ እየተሻገረች ናት» አለቻት።

«ታገሺኝ ልጄ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» ብትል አውሬው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ኤሊ አንጀቷ እርር አለ።

በማግስቱ ገና ከመሰብሰባቸው፣ «ነብር መጣና ግልገሏን በላት፤ በቃ፣ አለቀ» አለች። ጦጣ አጨብጭባ ሄደች፤ ሌላውም ተከትሏት ሄደ።

ኤሊ ብቻዋን ቀርታ ሳለ ከእግሯ ሥር አፈሩ ተነቃነቀና ፍልፈል ብቅ አለች። ለካስ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ከመሬት ውስጥ ሆና፣ ትንፍሽ ሳትል ትሰማ ኖሯል።

«እትዬ ኤሊ፣ አይቆጡኝና፣ ዛሬ አፈር ተደርምሶብኝ ሳልሰማ ቀረሁ። የኔም ልጅ እንደዚያች ግልገል ከወጣች አልተመለሰችም። ግልገሏ እናቷ ዘንድ ደረሰች ወይ?»

ኤሊ ቀስ ብላ አንገቷን ወደ ድንጋይ ልብሷ ውስጥ ሰበሰበች። ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ፣ ጠጋ ያላት ሁሉ ሊጠይቃት የመጣ እየመሰላት አንገቷን ትሰበስባለች።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ለፍልፈል አድርሱ።