በጾም የጠፋው ኔትወርክ

አንድ አባወራ ነበረ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጿሚ ነው። ሳሎኑ ጥግ ዳንቴል የለበሰ፣ ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ አሮጌ ኮምፒውተር አለው።

ዐቢይ ጾም በገባበት ሰኞ፣ ቤተሰቡ ማታ ማታ ተሰብስቦ ተከታታይ ፊልም ማየቱን እንዲተው ፈለገ። መልካም አሳብ ነው። ታዲያ ምን ማድረግ ነበረበት? «እስቲ ከዚህም እንጹም» ማለት አይበቃም ነበር? እሱ ግን ክርክር ፈራ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ የተሰካችውን፣ ኔትወርክ የምትቀበለውን ጥፍር የምታክል ዕቃ ነቅሎ ኮት ኪሱ ከተታት። ከእሱ በቀር ያንን ጀርባ አይቶ የሚያውቅ የለም። «ኔትወርኩ ጠፍቷል» አላቸው።

በጾም፣ ለጾም ሲል ዋሸ።

አምስት ሳምንት በሰላም አለፈ። በስድስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ልጁ እሌኒ ለሥራ ፈተና ተጠራች። ከተመረቀች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን የጠራት አልነበረም። ፈተናው ዓርብ በሦስት ሰዓት፣ በኮምፒውተር፣ ብቻዋን በተቀመጠችበት ክፍል ነው። በስልክ አይሆንም፤ ኢንተርኔት ቤትም አይፈቀድም።

ያን ቀን መናገር አይችልም ነበር? ይችል ነበር! ግን «በቃ ሰው ሲወጣ እሰካታለሁ» አለ። ሰው አልወጣም። ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ ጠጋኙን ብዙአየሁን ይዛ መጣች።

ብዙአየሁ ሴቲንጉን ከፈተ፤ የዋይፋይ ቦታው ራሱ የለም። ዘጋ፣ ከፈተ፣ እንደገና ዘጋ። ከኋላ የሚሰካ ነገር ነበረው ወይ ብሎ አባወራውን ጠየቀ። አባወራው አላየሁም አለ። ምስኪኑ ብዙአየሁ ሙሉ ረቡዕን ፈጅቶ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ ጫነ። አባወራውም አጠገቡ ተቀምጦ አብሮ ያፈላልጋል! አብሮ ያዝናል! ወይዘሮ አስካለ ደግሞ በልጇ ጉዳይ ስግደት ጨመረች።

ሐሙስ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ብቻውን ቀረና ሰካት። ማሽኑ አላወቃትም። ከእሷ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም አብሮ ተደምስሷል። ይህን የሚመልሰው ብዙአየሁ ብቻ ነው፤ ብዙአየሁ ደግሞ የማያውቀውን ነገር አይመልስም።

ያን ቀንም ሳይናገር ነቅሎ መልሶ ኪሱ ከተታት። ምን ይባላል ይህ?

ዓርብ ጠዋት እሌኒ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ኔትወርክ በሌለው ማሽን ፊት ተቀመጠች። ይህን ጊዜ አባቷ ያቺን ዕቃ ከኪሱ አወጣና፣ «የነቀልኳት እኔ ነኝ» አለ።

ብዙአየሁ ተጠርቶ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ረቡዕ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር» ብሎ አቀረቀረና መሥራት ጀመረ። ወይዘሮ አስካለ ባሏን ቆማ አየችው።

«ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ስሰግድ የከረምኩት ለአንተ ኪስ ነው» አለችው።

እሌኒ ፈተናውን የጀመረችው ሃያ ደቂቃ ዘግይታ ነው። ያ ሃያ ደቂቃ አልተመለሰላትም።

ምእመናን፣ በዚህ ሰው ፈረዳችሁበት አይደል? እኔም ፈርጄበታለሁ። ግን ቤታችን ሰላም ሲጠፋ እኛስ ምን እናደርጋለን? ሽማግሌ እንጠራለን። ካህን እናስቸግራለን። «ምን ነካን» እንላለን። ምን እንደነካን እያወቅን! የተናገርነውን ክፉ ቃል፣ የደበቅነውን ነገር እያወቅን ከሚፈልጉት ጋር አብረን እንፈልጋለን። እናት ትጸልያለች፣ ልጅ ትጠብቃለች፣ እኛ አንገታችንን እንነቀንቃለን። እግዚአብሔር ስንት ጸሎት ይስማ፣ መልሱ እኛው ዘንድ እያለ?

አፍራለሁ ትላላችሁ። እፈሩ እንጂ! ያለ እፍረት ንስሐ የት አለ?

አሁን ወንዶች በዚህ በኩል፣ ሴቶች በዚያ በኩል ቆማችኋል። ጸሎቱ ሲያልቅ በር ላይ ትገናኛላችሁ። የደበቃችሁትን ለመናገር ቤት እስክትደርሱ አትቆዩ።