ሽመክት የቀዳው ቤንዚን

ጆሯችሁን አውሱኝ፤ አትቸኩሉብኝ። ብረት በሚናገርበት፣ ሰውም በሚሰማበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር ዘርትሁን የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሽመክት በሚያዝያ ሞተባት። የተወላት ሁለት ልጆች፣ አንድ የሽንኩርት ማሳና አንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው።

ዘርትሁን፣ መንፈቁ ሳይወጣ የሟች ዕቃ አይነካም ብላ ሞተሩን በጋቢው ጠቅልላ አስቀመጠችው። ክረምቱ ሲወጣ ችግኝ ተከለች። ጥቅምት ገባ፣ ዝናቡ ሄደ፣ ችግኞቹም አንገታቸውን ደፉ።

"ሦስት ቀን እንታገሣለን፤ ከዚያ ወዲያ አቅም የለንም" አሏት ችግኞቹ። የልጆቿ የዓመት ጉርስ ያ ሽንኩርት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጋቢውን ገልጣ የሞተሩን ገመድ ሳበች። ሳበች፣ ሳበች፣ መዳፏ ተላጠ። ሞተሩ እምቢ። ገመዱን ብትቆጣው፣ እኔ እስክትደክሚ ተስቤያለሁ፣ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ጠይቂ አላት። ካንዴላውን ፈታች፣ ጥቀርሻውን ጠረገች፣ መልሳ አሰረች፣ ሳበች። ሞተሩ እምቢ።

በሁለተኛው ቀን ካንዴላውን ተቆጣችው። እሱም፣ እሳቱን እየሰጠሁ ነው፣ የአየር ማጣሪያውን እዪው አላት። ብትከፍተው አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች። አይጧም፣ ዝም ያለ ቤት አግኝቼ ነው የገባሁት ብላ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ዘርትሁን ማጣሪያውን አራገፈች፣ ሳበች። አሁንም እምቢ።

በሦስተኛው ቀን አህያዋ አጠገቧ ቆመ። ከከተማ ቤንዚን የሚያመላልሰው እሱ ነው፤ እስካሁን ዝም ያለው ማንም ስላልጠየቀው ነው። በሞተሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን አሽትቺው አላት።

እሷ ግን ክዳኑን መክፈት ፈራች። አትፍረዱባት። ያንን ቤንዚን የቀዳው ሽመክት ነበር፣ በሞተበት ቀን ጧት። ከእጁ የቀረላት እሱ ብቻ መሰላት።

እንደ ምንም ከፈተችው። ሽታው የቤንዚን አልነበረም፤ እንደ አሮጌ ቀለም ይሸታል።

"ድፊኝ" አላት ቤንዚኑ።

"እሱ የቀዳህን እንዴት አድርጌ ልድፋህ?"

"እሱ የቀዳኝ ማሳውን እንዳጠጣ ነበር። ስድስት ወር ስቀመጥ ተበላሸሁ፤ ወደ ሞተሩ የማልፍባትን ቀጭን ቀዳዳም የደፈንኳት እኔው ነኝ። ሞተሩን አትቆጪው።"

ዘርትሁን አለቀሰች። በለቅሶው ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም። እያለቀሰች ከማሳው ርቃ ደፋችው። አህያው ከጭራው ፀጉር ሰጣት፤ በእሱ ቀዳዳዋን ጠረገች። አህያው ወዲያው ከተማ ደርሶ ያመጣላትን አዲስ ቤንዚን ሞላች። አንዴ ሳበች፣ እምቢ። ሁለተኛ ሳበች፣ እምቢ። በሦስተኛው ተነሣ።

ውሃው ማሳው ሲደርስ ግማሹ ችግኝ ሞቶ ነበር። ግማሹ ቀና አለ፤ ልጆቿም ያን ዓመት በዚያ ግማሽ አደሩ።

የምትወዱት ሰው ትቶላችሁ የሄደውን ሥሩበት። ጠቅልላችሁ ካስቀመጣችሁት እሱም ይበላሻል፣ እናንተም ትራባላችሁ። አበቃሁ፤ በሉ ተነሡና ወደየሥራችሁ ሂዱ።