ለብሳችሁ ብቻ ኑ

አንዲት እናት ልጇን ልትድር ነበር። ከዚህ የበለጠ ምን ተራ ነገር አለ ወገኖቼ? እናት ልጇን ትድራለች፤ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፍራል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ግን ስሙኝ፣ እኔ ይህችን እናት እወዳታለሁ። እናንተም ሳትወዷት አትቀሩም።

ሴትዮዋ የአዲስ አበባ ሰው ናት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ውዳሴ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ሰርጉ ሲቃረብ ውዳሴ፣ «እማ፣ እኔ የምዳረው አባዬ አገር ነው» አለቻት። የአባቷ አገር አንድ ቀን ሙሉ በመኪና ተሂዶ የሚደረስበት የሐይቅ ዳር ከተማ ነው። «አባዬ መርቆ ሊሸኘኝ አይችልም። እሱ ባይኖር ሰዎቹ ይመርቁኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሌላ ምንም አልፈልግም! ልብ አድርጉ፣ ልጅቱ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

እናቲቱ ያችን ከተማ የምታውቃት ሰው በሕልሙ ያየውን አገር በሚያውቀው ያህል ነው። ሁለት ጊዜ ብቻ ሄዳለች፤ አንዴ ሙሽራ ሆና፣ አንዴ ባሏን ልትቀብር። ሁለቱንም ጊዜ ጠዋት ከሐይቁ የሚነሣው ጉም ከተማውን ሸፍኖት ነበር። ቤቱ አይታይም፣ መንገዱ አይታይም፣ የሰው ድምፅ ብቻ ይሰማል። አንዱ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይልና «እንዴት አደርሽ» ብሎ ተመልሶ ይጠፋል። ዓይኗን ጨፍና ባሏን ስታስብ ሁልጊዜ የምታየው እዚያ ጉም ውስጥ ሲሄድ ነው።

እንዲህ ያለ አገር ለማሰብ ደስ ይላል፤ ለመደገስ ግን ያስፈራል። ሴትዮዋ ደግሞ የጠረጴዛው ልብስ ጥግና ጥጉ ካልተካከለ ምግብ የማይወርድላት ሰው ናት። እንዲህ ያላችሁ እዚህም አላችሁ፤ ስም አልጠራም።

ከሰርጉ ሁለት ወር በፊት ቦታውን ልታይ ሄደች። የባሏ አጎት ልጅ ጋሽ ደመላሽ ተቀበሏት። በዚያ ከተማ ዳስ የሚጥሉት እሳቸው ናቸው። አጠገባቸው እትዬ የሺመቤት ነበሩ፤ ጠላ ጠማቂዋ።

«የዳሱን ቅጠል መቼ እንቁረጥ?» አሉ ጋሽ ደመላሽ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

«ኧረ አይድከሙ ጋሼ! ድንኳኑ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ከነዲኮሩ።»

«ጠላውስ?» አሉ እትዬ የሺመቤት። «ጌሾውን ከአሁኑ ላዘጋጅ እንጂ።»

«መጠጡም ይመጣል እትዬ። ምግቡም ከነአብሳዩ፣ ባንዱም፣ ቪዲዮ አንሺውም። እናንተ ዘመድ ናችሁ፤ ምንም አትያዙ። ለብሳችሁ ብቻ ኑ!»

ያከበረቻቸው መስሏት ነው ወገኖቼ፤ ከልቧ ነው። ሁለቱ ተያዩ። «እንግዲህ ደስ እንዳለሽ» አሉ ጋሽ ደመላሽ። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወሩ።

አሁን መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ፣ ኬኩም ቀለጠ የምል የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። አልቀረም፣ አልቀለጠም። ከአዲስ አበባ የተቀጠረው ሁሉ በዋዜማው ደረሰ፤ አንዲት ማንኪያ አልጎደለችም። ጎበዞች ነበሩ።

የሰርጉ ዕለት ጉሙ እንደ ድሮው ወረደ። ነጩ ድንኳን ነጩ ጉም ውስጥ ቆሟል፤ የቱ ጋ አንዱ አልቆ ሌላው እንደሚጀምር አይታወቅም። ሦስት መቶ ወንበር ነጭ ልብስ ለብሶ ተደርድሯል። ኦርጋን ተጫዋቹ ጣቶቹን ለማሟሟቅ ያህል ቀስ ብሎ ይነካካል፤ ድምፁ ወደ ሐይቁ ሄዶ ሄዶ ይጠፋል። ሴትዮዋ ይህን ስታይ እንባዋ መጣ። እንደ ሕልም ነው፣ አለች በልቧ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። ከአዲስ አበባ የመጡት አርባ የሚሆኑ ዘመዶች ከፊት ተቀመጡ። የቀረው ወንበር ባዶ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር መጥቶ ውዳሴን ይዞ ይሄዳል።

ውዳሴ ድንኳኑ አጠገብ ከምትለብስበት ቤት በመስኮት ብቅ ብላ፣ «እማ፣ የአባዬ ሰዎች መጡ?» አለች።

«እየመጡ ነው የኔ ቆንጆ።»

ግማሽ ሰዓት ቆይታ ደግሞ፣ «እማ፣ መጡ?» አለች።

እናት ሦስተኛውን ጥያቄ ለመስማት አቅም አልነበራትም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ጉሙ ገባች።

ምን አየች መሰላችሁ? የመጀመሪያው ደጅ ላይ አንድ ሽማግሌ ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል። የሚቀጥለው ደጅ ላይ ባልና ሚስት፣ ነጭ ለብሰው። ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። ጉሙ አንድ ደጅ እየገለጠ ሌላውን ይከድናል፤ በተገለጠው ሁሉ ሰው ለብሶ ተቀምጧል። ጎንበስ ብለው እጅ ይነሷታል እንጂ ከቦታቸው አይነሡም። ያለችው ሰርጓ ላይ ይሁን ቀብር ላይ፣ የዛሬው ይሁን የድሮው ጠዋት፣ ለይታ ማወቅ አቃታት።

እትዬ የሺመቤት ደጃቸው ላይ ዱካቸውን አውጥተው ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው ታጥቦ ተተኩሷል።

«እትዬ፣ ምነው ቀራችሁ? ምን አጠፋሁ? የጥሪ ካርዱ አልደረሳችሁም?»

«ደርሶኛል እንጂ! ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ሲያምር!»

«ታዲያ?»

እትዬ የሺመቤት እንደ ማፈር አሉ። «ልጄ፣ እኛ ዘንድ ሰው ሰርግ የሚጠራው ‹ይህን ያዝልኝ› ተብሎ ነው። አንዱ ገንቦ ይዞ ይገባል፣ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ አግዳሚ። ምንም ያዝ ያልተባለ ሰው ምን ብሎ ይገባል? አንቺ ልበሱ አልሽ፣ ለበስን። ከዚያ በኋላ ያለው ጠፋን፤ የሚጠራን እስኪመጣ ተቀመጥን።»

ያን ጊዜ ሴትዮዋ የገዛ ሰርጓ ትዝ አላት። ባሏ በየበሩ እየዞረ ከአንዱ ድስት፣ ከአንዱ ሰፌድ፣ ከአንዱ ገንቦ ሲለምን አይታ አፍራ ነበር። የቸገረው ቤት ገባሁ ብላ ተደብቃ አልቅሳለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ችግር መስሏት ኖረች። ለካ ጥሪው እሱ ነበር!

እሷም ‹ይህን ያዙልኝ› ልትል አፏን ከፈተች። ምን ትጠይቅ? ሁሉ ሞልቷል! ምንም ያልጎደለው ሰው ምን ብሎ ጎረቤቱን ይጠራል? እዚያው መንገዱ ላይ ቆማ አለቀሰች።

«ዱካ» አለች በመጨረሻ። «እትዬ፣ ዱካ ይዘው ይምጡልኝ።»

«ያን ሁሉ ወንበር አምጥተሽ የለም እንዴ?»

«የእርስዎን ነው የምፈልገው።»

እትዬ የሺመቤት ብድግ አሉ። ከዚያ ሴትዮዋ በየበሩ ሄደች። አንዱን ውኃ አለች፣ አንዷን ቄጤማ፣ አንዱን ከበሮ። መጨረሻ ላይ ጋሽ ደመላሽ ደጅ ደረሰች። ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ገመዳቸውና ገጀራቸው ግን ጎናቸው ነው።

«ጋሼ፣ ልጄን እጇን ይዞ የሚያወጣት አባት የለኝም። ሁሉን ከአዲስ አበባ ሳመጣ ይህን አላገኘሁትም። እርስዎ ይያዙልኝ።»

ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ቆይ፣ ገመዴን ላንሣ» አሉ።

በድንኳኑ የነበሩት መጀመሪያ የሰሙት እልልታ ነው። ቀጥሎ ቅጠል ከጉሙ ወጣ፣ ቀጥሎ ዱካ፣ ቀጥሎ ገንቦ፣ ከሥራቸው ሰው። ዲኮር የምትሠራዋ ልጅ ደንግጣ፣ «ኧረ እማማ፣ ምንጣፉ ይበላሻል!» ስትል እትዬ የሺመቤት አንድ እቅፍ ቄጤማ ሰጧትና፣ «ነይ እስቲ፣ ይህን ያዢልኝ» አሏት። ይኸው እሷም ተጠራች! የድንኳኑ ብረት ቅጠል ለበሰ። ገንቦ ከተሸከሙት መካከል የአንዱ አካሄድ ልክ የባሏ ነበር። ሴትዮዋ ቀርባ አላየችውም፤ እንዲያልፍ ተወችው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሽ ደመላሽ ውዳሴን እጇን ይዘው አወጧት። የአባቷ ሰዎች ከበቧት። «ቤትሽ ሰው አይጣ» ብለው መረቋት። አሜን ሲባል ከሁሉ በላይ የጮኸችው እናቷ ናት።

ወገኖቼ፣ ሠራተኛ ከሩቅ አትቅጠሩ አላልኩም። ቅጠሩ፤ ጎበዞች ናቸው። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው።

በቤታችሁ «እርስዎ አርፈው ይቀመጡ» ያላችኋቸው እናት የሉም? አክብራችኋቸው ነው፤ አውቃለሁ። ግን ከመቼ ወዲህ ነው ዝም ያሉት? እዚህ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ወንበር ላይ ሦስት ዓመት የተቀመጠ ወንድም የለም? እንኳን ደህና መጣህ ብለነዋል፤ ካርዱን ሰጥተነዋል። አንድ ነገር ያዝልን ብለነው እናውቃለን?

እግዚአብሔርስ ያለ እኛ መደገስ ያቅተዋል? በገሊላው ሰርግ ያን ሁሉ ውኃ እነማን ናቸው የቀዱት? ሰማይና ምድር የእሱ ሆነው ሳለ «ይህን ያዝልኝ» ይለናል። ቸግሮት ነው? ሲጠራን ነው እንጂ!

ዛሬ ስትወጡ ባዶ እጃችሁን ወደ አንድ ሰው ደጅ ሂዱ። የጎደላችሁን ንገሩት፤ አትፈሩ። እሱ ለብሶ ጨርሷል። የሚጠብቀው እናንተን ነው።