ወደ ባሕር የሄዱት ቤቶች

«ተረት ተረት።»

«የላም በረት።»

ላሟን ለዛሬ ተዉአት፤ የምወስዳችሁ አገር ሣር የለም። «የዓሣ እራት» በሉኝ። እስቲ፣ ተረት ተረት።

«የዓሣ እራት።»

ጎሽ።

በድሮ ዘመን፣ በባሕር ዳርቻ አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች። ሰዎቿ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ጨው ይለቅማሉ፣ ከዚያም ለነጋዴ ይሸጣሉ። ቤታቸው የሰሌን ነው። ቀጫጭን እንጨት ያጎብጡና ሰሌን ያለብሱታል፤ አለቀ። ስለዚህ ቤታቸው ይነሣል። ባለቤቱ ደጅ ወጥቶ «ትከሻ!» ካለ፣ ጎረቤት ሁሉ ይመጣና ቤቱን ተሸክሞ የፈለገው ቦታ ያኖርለታል። እንቢ ማለት ነውር ነው። ለምን ብሎ መጠየቅም ነውር ነው። እኔ ብሆን እጠይቅ ነበር፤ እነሱ ግን ጨዋ ናቸው።

እዚያ ዘሃራ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ዓሣ ሰንጥቃ በገመድ ላይ ታደርቅና ሸጣ ልጆቿን ታበላለች። ቤቷ ከሁሉ ፊት፣ ከባሕሩ አጠገብ ነው። ነፋስ ካላገኘ ዓሣው ይሸታል። ዓሣው ከሸተተ ልጆቿ ጦማቸውን ያድራሉ።

አንድ ቀን ሙቀቱ ባሰ። ሐጂ ያዮ የሚባሉ ባለጀልባ ደጅ ወጡና፦

«ትከሻ! ቤቴን ከዘሃራ ፊት አኑሩልኝ፤ ነፋስ ልቅመስ» አሉ።

ዘሃራም መጣች፤ ነውር ነዋ። ሆድ እየባሳት ተሸከመች። ነፋሱ ተጋረደባትና ዓሣዋ ሸተተ። በማግስቱ ወጣችና፦

«ትከሻ! እኔን ደግሞ ከሐጂ ፊት» አለች።

ሐጂ አጉረመረሙ፤ ግን ተሸከሙ። ከዚያም ጨው ሻጯ ሳልሓ፦

«ሁለታችሁ ነፋሱን ጨረሳችሁት። እኔስ ሰው አይደለሁም? ትከሻ!» አለች።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው? ጠዋት ከኋላ የነበረው ማታ ከፊት ነው። ማጥመድ ቀረ፣ ጨው መልቀም ቀረ፣ ሥራው ሁሉ ቤት መሸከም ሆነ። ሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» መባባል ቀርቶ «የት አደርክ» ተባለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ከተማዋ በእግሯ ሄደች። አሸዋውን ጨረሰችና ባሕሩ ሸሽቶ የተወው ጭቃ ላይ ገባች። ውኃው እንደሚመለስ ሁሉም ያውቃል። ግን ሁሉም፦ «ነገ ሌላው ይቀድመኛል፤ እሱ ይርጠብ» ይላል።

አንድ ጠዋት የዘሃራ ትንሿ ልጅ እግሯ ረጥቦ ነቃች። ዘሃራ ደነገጠችና፦

«ትከሻ! ወደ ኋላ መልሱኝ። ውኃው እየመጣ ነው፤ እናንተም ተመለሱ» አለች።

«ዘሃራ ነፋስ ጠገበች» ብለው እየሳቁ የድሮ ቦታዋ መለሷት። ከዚያም እያንዳንዱ ቤቱ ገብቶ የቀትር እንቅልፉን ተኛ።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል። መጣ፣ ከሰሌኑ ሥር ገባ፣ ቤቱን ሁሉ አነሣ፤ ያውም ማንም ሳይጠራው። የሳልሓ ጨው ወደ መጣበት ተመለሰ። ሐጂ ያዮ ብቅ ሲሉ ጀልባቸውን አለፏት፦

«ጀልባዬ፣ ወዴት ትሄጃለሽ?» አሉ።

ጀልባዋ ታስራ ቆማለች። የሚሄዱት እሳቸው ናቸው።

ሁሉም ከየበሩ «ትከሻ! ትከሻ!» ይላል። ተሸካሚው ማን ይሁን? ሁሉ ጠሪ ሆኗል። መሬት ላይ የቀረችው ዘሃራ ብቻ ናት። ገመዷን አየች፤ የተረፋት ዓሣ ሁሉ ተሰቅሎበታል፤ የልጆቿ ራት ነው። አንጀቷ አልቻለም። ዓሣውን አሸዋ ላይ ዘርግፋ ገመዱን ወረወረች። ሐጂን ጎትታ አወጣች። ሐጂ ከእሷ ጋር ሳልሓን ጎተቱ፣ ሳልሓም ሌላውን ጎተተች፤ ሰውም ቤቱም ወጣ።

ሁሉም እየተንጠባጠበ ቆመ። ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው፦

«ልጄ ዘሃራ፣ በድለንሻል። ከእንግዲህ ቤታችንን ከኋላሽ እናኑር» አሉ።

«አይሆንም፣ ሐጂ። ከኋላ የተቀመጠ ነገ ከፊት መሆን ያምረዋል። ጎን ለጎን እንሁን» አለች።

ጎን ለጎን ሆኑ። ከተማዋ አንድ ረድፍ ብቻ ሆነችና ረዘመች፤ ከጫፍ ጫፍ ሐሜት ለመድረስ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ነፋሱም ማንንም ሳይመርጥ ይነፍሳል። በዚያው ማታ ሐጂ ጀልባቸውን አውጥተው አጠመዱና የመጀመሪያውን ዓሣ ለዘሃራ ሰጡ። ልጆቿም ጠግበው አደሩ። ሐጂ ያዮ ግን እስኪሞቱ ድረስ፣ ሲተኙ አንድ እግራቸውን ከጀልባቸው ጋር ያስሩ ነበር።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዓሣ አብሱ። እሾኹን ግን ልቀሙልኝ፤ ጥርስ የለኝም።