የአባባ ላቀው የውሃ ጾም

አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነበረ፤ አሰግድ ይባላል። የሚኖርባት የቆላ ከተማ ሙቀቷ ልክ የለውም፤ ቀትር ላይ ውሻው እንኳ ድልድይ ስር ገብቶ ነው የሚተኛው። ንግዱ ቀናውና መኪና ገዛ፤ ኤሲ ያላት፣ ስትገቡባት ደጋ የወጣችሁ የሚመስላችሁ። ሀብት አገኘሁ ብሎ አባቱን አልረሳም፣ ይሄን ላመስግነው። አባቱ አባባ ላቀው አርጅተዋል፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። አሰግድ በየጠዋቱ ጋቢና ያስቀምጣቸውና ሱቅ ይዟቸው ይሄዳል። እዚያ በር ላይ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሲጫወቱ ይውላሉ፤ አመሻሽ ላይ አብረው ይመለሳሉ። ጋቢና የክብር ቦታ ነዋ። ሽማግሌው ከፊት ተቀምጠው ሲያልፉ ያየ ሁሉ ልጁን ይመርቃል።

ታዲያ ይቺ መኪና በቆመችበት ሁሉ ከሆዷ ስር ውሃ ታንጠባጥባለች። ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ ሙቀት ውስጥ ብታስቀምጡት ውጭው አያልበውም? እንደዚያ ነው። ኤሲውም ሲቀዘቅዝ ያልበዋል፣ ላቡም በቀጭን ቱቦ ወደ መሬት ይወርዳል። የጋራዡ ሰውዬ ለአሰግድ ይሄንኑ ነግሮታል፤ "ጤንነቷ ነው፣ ተዋት" ብሎ።

ሰው ግን ዝም አይልም። ሸምሱ የሚባል ጎረቤት ባለሱቅ አለ፤ ያገኘውን ሁሉ ካልቀለደበት አይውልለትም።

"አሰግድ፣ ልጅቷ ዛሬም ደጄ ላይ ሸናች እኮ።"

"ውሃ ነው ባክህ።"

"ሁሉም ወላጅ እንደዚያ ነው የሚለው። ዳይፐር ግዛላት።"

ገበያተኛው ይስቃል። ለሸምሱ ቀልድ ነው፤ አሰግድን ግን አጥንቱ ድረስ ገባው። ለቅሶ ቤት ሲሄድ እንኳ መኪናዋን ከሰው ዓይን አርቆ ያቆም ጀመር። አንድ እሁድ ግቢው ውስጥ ካርቶን አንጥፎ ስሯ ገባ፤ ከሱቁ ያመጣውን ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ቱቦዋን ወተፈው። ጠብታው ቆመ። በማግስቱ ሸምሱ ጎንበስ ብሎ አየና "አድጋለች" አለ። አሰግድ ደስ አለው፤ ነገሩንም ረሳው።

ከጊዜ በኋላ መኪናዋ ትሸት ጀመር። የታጠበ ልብስ ሳይሰጣ ታሽጎ ሲያድር የሚሸተው ሽታ አለ አይደል፤ እሱን። አሰግድ ሽቶ ገዝቶ መስታወቱ ላይ ሰቀለ፤ ሽቶውና ሻጋታው ተደባልቀው ባሰ። አንድ አመሻሽ አባቱን ካወረደ በኋላ እጁን ወደ ጋቢናው ሰደደ። አባባ ላቀው እግራቸውን የሚያሳርፉበት ምንጣፍ ርሷል። እጁን አሸተተ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ቀስ እያሉ ወደ ቤት የሚገቡትን አባቱን ከጀርባ አያቸው።

አልጠየቃቸውም። እዚህች ላይ ልብ በሉልኝ ልጆቼ፤ አልጠየቃቸውም። ለሚስቱ ለእታገኝ ነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገራት።

"አባባ መቆጣጠር አቅቷቸዋል መሰለኝ።"

"ምኑን?"

"ሽንታቸውን። መኪናው ውስጥ።"

እታገኝ ደነገጠች። "አልጋቸውን የማነጥፈው እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን ርሶ አላየሁም" አለችው።

"በእጄ ነክቼ አሸተትኩት እኮ ነው የምልሽ።"

ጠዋት አባባ ላቀው ከዘራቸውን ይዘው እንደ ልማዳቸው ወደ ጋቢናው ሲያመሩ፣ አሰግድ የኋላውን በር ከፈተላቸው። ወንበሩ ላይ ላስቲክ ተነጥፏል።

"አባባ፣ ዛሬ ከኋላ ይሁኑ፤ ይመችዎታል።"

"ምነው ልጄ፣ እንግዳ ትጭናለህ?"

"አይ፣ ጋቢናው ትንሽ ሸትቷል። ላስቲኩ ለጥንቃቄ ነው። በዚህ ዕድሜ ያጋጥማል፣ አይሳቀቁ።"

ሽማግሌው ላስቲኩን አዩት፤ ልጃቸውንም አዩት። ጎንበስ ብለው ገቡ። ሲቀመጡ ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። አሰግድ አባቱን በደግነት የሸፈነላቸው መስሎት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ልቡ ቀሎት ዋለ። ምንጣፉንም ዳግመኛ አልነካውም። ሽታው አለመልቀቁን ሲያይ "የገባ ሽታ ቶሎ አይወጣም" እያለ መስኮት ይከፍታል።

አባባ ላቀው ከዚያ ወዲህ የጠዋት ሻያቸውን ይመልሱ ጀመር፤ "ለሆዴ አልተስማማኝም" እያሉ። ሱቅ በር ላይ ሸምሱ እንደ ሁልጊዜው ቀዝቃዛ ውሃ ሲያቀብላቸው እጃቸውን አልዘረጉም።

"ጾም ላይ ነኝ" አሉት።

"አባባ ላቀው፣ ፋሲካ ገና አሁን ማለፉ ነው። ረቡዕና ዓርብን እንኳ የምትበሉበት ወቅት እኮ ነው። እኔ ሙስሊሙ ላስታውስዎት?"

"የኔ የብቻዬ ነው። አንተ ጠጣልኝ።"

ሸምሱ ሳቀና ጠጣላቸው። አሰግድ ጨርቅ እየለካ ሰምቷቸዋል፤ "አይ አባባ" ብሎ ፈገግ አለና ወደ መለካቱ ተመለሰ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰነበተ። አንድ ቀትር ላይ አባባ ላቀው ሰላም ላላቸው ሰው እጅ ሊሰጡ ከወንበራቸው ብድግ እንዳሉ ወደቁ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ዓይናቸው ጎድጉዷል፤ አሰግድ ቀና ሲያደርጋቸው አላወቁትም። ተሸክሞ ክሊኒክ አደረሳቸው። ነርሷ የእጃቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደቆመ ቀረ።

"እኚህን ሰው ውሃ የሚሰጣቸው የለም?" አለች።

"ቤታችን ምንም አልጎደለም እኮ፣ እህቴ።"

"የጎደለውን አልጠየቅኩም። ውሃ ነው ያልኩት።"

ኋላም ሐኪሙ ጠርቶ ኩላሊታቸው መጎዳቱን ነገረው። አሰግድ ቃሉን ሰማ እንጂ አልገባውም። በዚያ ሐሩር፣ ውሃ በሞላበት ቤት፣ አባቱ በጥም።

በማግስቱ ባልና ሚስቱ አጥሚት ይዘው ወደ ክሊኒኩ ሲሄዱ እታገኝ ጋቢና ተቀመጠች። መንገድ ላይ "ላስቲኩን ያዩ ቀን ነው መጠጣት ያቆሙት" አለች። አሰግድ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት መኪናዋ አደባባዩን ዞረች፤ ከዳሽቦርዱ ስር ቀዝቃዛ ውሃ ዧ ብሎ እታገኝ እግር ላይ ፈሰሰ። ነጠላ ጫማዋ ራሰ። ያው ሽታ ነው።

ሁለቱም ውሃውን አዩት። ሽማግሌው ክሊኒክ ተኝተዋል፤ ጋቢናው ላይ ከተቀመጡም ቆይተዋል።

"አሰግድ፣ ይሄ የማነው?" አለችው።

አሰግድ መኪናዋን ዳር አስያዘ። በንጹህ ሸሚዙ አስፋልቱ ላይ ተጋድሞ ስሯ ገባ፤ ቱቦዋን በዳበሳ አገኛት። የገዛ ሱቁ ጨርቅ፣ በገዛ እጁ የጠቀለለው፣ ጠቁሮና አተላ ይዞ እንደተወተፈ አለ። ሲስበው ተጠራቅሞ የኖረው ውሃ ፊቱ ላይ ወረደ። ከዚያ ስር ቶሎ አልወጣም።

ክሊኒክ ሲደርሱ አባባ ላቀው ዓይናቸውን ገልጠዋል። አሰግድ አጠገባቸው ተንበረከከ።

"አባባ፣ እርስዎ አልነበሩም። የኤሲዋ ውሃ ነው። ሰው ሳቀብኝ ብዬ ቱቦዋን የደፈንኩት እኔ ነኝ።"

"እኔ አልነበርኩም?" አሉ ሽማግሌው።

"አልነበሩም።"

"እኔ እኮ በየሽንት ቤቱ እየገባሁ ሱሪዬን እዳብስ ነበር። ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ልጄማ አይዋሸኝም፣ የሄደው የኔ አእምሮ ነው አልኩ። ካልጠጣሁ ምን ይወጣኛል ብዬ ተውኩት።"

አሰግድ አሁን ነው የገባው። አባቱ በእጃቸው ከዳሰሱት ይልቅ እሱ ያላቸውን አምነዋል። ያመኑት ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ያልጠየቃቸውን ልጅ ነው።

"ለምን አልጠየቅከኝም ታዲያ?" አሉት። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ማወቅ ፈልገው ነው።

አባባ ላቀው በሕይወት ተረፉ። ጋቢናቸውም ተመልሶላቸዋል፤ ሸምሱም ስለ መኪናዋ መቀለዱን ትቷል። ነገር ግን ዛሬም ድረስ ውሃ ሲቀዳላቸው ብርጭቆውን ያነሱና፣ አፋቸው ሳያደርሱት፣ መጀመሪያ የልጃቸውን ፊት ያያሉ። ልክ እንደሚያስፈቅድ ሰው። አሰግድም "ይጠጡ አባባ" ይላቸዋል፤ በየብርጭቆው "ይጠጡ አባባ" ይላቸዋል። ሌላ ሊያደርግ የሚችለው የለም።

ልጆቼ፣ ሰው እንዳይስቅብን ብለን ነውር ያልሆነውን ነገር ስንደፍነው ወደ ውስጣችን ይፈሳል፤ ሰንብቶም ይሸታል። ሲሸት ደግሞ የደፈነውን እጃችንን አናሸትም፤ አጠገባችን ያለውን ደካማ ነው የምናየው። እሱም ይወደናልና ያምነናል፤ ያላጠፋውን ጥፋት የራሱ አድርጎ በገዛ አካሉ ይቀጣበታል። እናንተ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲሸት ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? ያን ሰው አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?