ስም የሚውጠው ጭራቅና ማንያህልሻል

«ተረት ተረት!»
«የመሠረት!»
«ጆሯችሁን አውሱኝ!»
«እንካ ውሰድ!»

በድሮ ጊዜ ማንያህልሻል የምትባል ልጅ ነበረች። ከእናቷ፣ ከወንድሟና ከጎረቤታቸው ከአንድ ሽማግሌ ጋር በወንዝ ዳር ትኖር ነበር።

አንድ ቀን እንጨት ልትለቅም ጫካ ገባች። እሷ በሌለችበት ጭራቅ መጣ። ይህ ጭራቅ ሰው አይበላም፤ የሚውጠው ስም ነው። ስሙ የተዋጠበት ሰው ማን እንደሆነ ይጠፋዋል። ቤቱንም ረስቶ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ማንያህልሻል ስትመለስ ቤቱም ደጁም ጭር ብሏል። እሳቱ ይነዳል፤ ሰው ግን የለም። እናቷን ልትጠራ አፏን ከፈተች። ስሙ ጠፋባት። ወንድሟንም፣ ሽማግሌውንም ልትጠራ ብትሞክር አልቻለችም።

ብቻዋን በላች። ብቻዋን ተኛች። ከራሷ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

በማግስቱ ወንዝ ዳር ተቀምጣ ስታለቅስ አንድ ትልቅ ዘንዶ ብቅ አለ። ስሙ ፓይተን ነው።

«ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

ነገረችው። «አያ ፓይተን፣ እርዳኝ» አለችው።

«ይህ ስም የሚውጠው ጭራቅ ሥራ ነው። እረዳሻለሁ። ግን እኔ የምሠራው የታዘዝኩትን ብቻ ነው። ተጠንቅቀሽ እዘዢኝ።»

ጭራቁ ዋርካ ሥር ተኝቶ አገኙት። በእንቅልፉ እንዲህ እያለ ያጉተመትማል፦ «ዘርትሁንህቅደመላሽህቅይመኑ።»

«የዋጣቸው ስሞች ተጣብቀዋል፤ ቃሉን ቁረጠው!» አለች ማንያህልሻል።

ዘንዶው የሚቆርጥበት ክፍት ቦታ በቃሉ ውስጥ ፈለገ። አጣ። ቃሉን እንዳለ መለሰላት።

«እሺ፣ ‹መ› ላይ ቁረጠው!»

«ዘርትሁንህቅደ»፣ «ላሽህቅይ»፣ «ኑ» አለ ዘንዶው።

«‹መ› የት ሄደች?»

«የምቆርጥበትን እበላዋለሁ። አይዞሽ፣ ዋናው ቃል አልተነካም።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ለካ ጭራቁ አንድ ስም ጠርቶ ወደ ሌላው ሲሻገር ስርቅ ይለዋል!

«‹ህቅ› ላይ ቁረጠው!»

«ዘርትሁን»፣ «ደመላሽ»፣ «ይመኑ።»

ዘርትሁን! የእናቷ ስም ነው።

ጭራቁ ነቃ። «ስሞቼን መልሺ፤ ልዋጣቸው!» ብሎ አፉን ከፈተ።

ማንያህልሻል ወደ ዘንዶው ጆሮ ጠጋ ብላ «በ‹እሾህ› አያይዛቸው» አለችው።

«ዘርትሁንእሾህደመላሽእሾህይመኑ!» አለ ዘንዶው።

ጭራቁ ዋጥ ሲያደርገው በስሞቹ መካከል ያለው እሾህ ጉሮሮውን ወጋው። ያለውን ሁሉ ተፍቶ እየጮኸ በረረ። ወደዚያ አገርም ዳግመኛ አልመጣም።

«አሁንስ እንዴት ልጥራቸው?» አለች።

«አንድ ጥሪ አዘጋጂ። የስሙን ቦታ ባዶ ተዪው፤ እኔ እሞላዋለሁ።»

«… ሆይ፣ ቤትህ ክፍት ነው» ልትል አሰበች። ግን እናቷ ሴት ናት። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አበጀች፦ «… ሆይ፣ እሳቱ አልጠፋም።»

ዘንዶው ተራራ ላይ ወጥቶ ጮኸ። «ይመኑ ሆይ፣ እሳቱ አልጠፋም!» ሽማግሌው መጡ። «ደመላሽ ሆይ፣ እሳቱ አልጠፋም!» ወንድሟ መጣ። «ዘርትሁን ሆይ፣ እሳቱ አልጠፋም!»

እናቷ ቆይታ መጣች። እግሯ አቧራ ለብሷል። ደጃፉ ላይ ቆማ ልጅቷን አየቻት።

«አንቺ ማን ነሽ?» አለቻት።

«ማንያህልሻል ነኝ።»

«ማን… ማንያህልሻል?» አለች እናት። ደግማ፣ ቀስ ብላ፣ «ማንያህልሻል!» አለችና አቀፈቻት።

ልጆች፣ ከማዘዛችሁ በፊት አዳምጡ፤ የት እንደምትቆርጡና በምን እንደምታያይዙ እወቁ። ብቻውን የቀረ ሰው ስታዩ ደግሞ በስሙ ጥሩት።

ተረቴ ለጎረቤት፣ እናንተ ለእናት ቤት!